የአስራ ሰባተኛው ጉድጓድ ቀለም

ጋሽ ይስማው የአፈሩን ቀለም በጠየቁኝ ቁጥር የሚፈትኑኝ ይመስለኝ ነበር።

«ምን ይመስልሻል?» ይላሉ፣ በመሰርሰሪያው ያወጡትን አፈር መዳፋቸው ላይ ይዘው።

የቀለም መጽሐፉን እከፍታለሁ። በየገጹ ትናንሽ ባለ ቀለም ካሬዎች ተደርድረዋል፤ ከየካሬው አጠገብ ቀዳዳ አለ። አፈሩን ከቀዳዳው ሥር ይዞ ከካሬው ጋር ማስተያየት ነው። «ግራጫ፤ አራተኛው ረድፍ ላይ የመጀመሪያው። የዝገት ነጠብጣብ አለበት» እላለሁ። ልክ ነሽ አይሉም፤ ተሳስተሻልም አይሉም። መዝገቡ ላይ ይጽፋሉ፣ መሰርሰሪያውን ይጠርጋሉ፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እንዲህ ዝም የሚሉ መምህር ነበሩን። እሳቸው ዝም ካሉ መልሱ ስህተት ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ከጥቂት ቀናት በኋላ መልስ ከመስጠቴ በፊት ከአፈሩ ይልቅ የጋሽ ይስማውን ፊት ማየት ጀመርኩ።

ወሩ ጥቅምት፣ ዓመቱ 2091 ነበር። ከዳንግላ በስተምዕራብ፣ እንዶድ ውሃ በሚባል ጨፌ ዳር ድንኳን ተክለን ነበር። እኔ የሃያ አራት ዓመት ተለማማጅ ነኝ፤ እሳቸው ሠላሳ ዓመት ጨፌ ሲያሰምሩ የኖሩ ፈራሚ ናቸው። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፤ ጨፌው የሚያልቅበትን ቦታ መፈለግና እዚያ ባንዲራ መትከል። ከባንዲራው ወዲያ ያለው የውሃ ነው፤ ሰው አይኖርበትም፣ አያርስበትም፣ ያለ ፈቃድ አይረግጠውም። ከባንዲራው ወዲህ ሰው ይኖራል። በአገሪቱ የቀሩት ጨፌዎች ሁለት መቶ አስራ አራት ብቻ ነበሩ። የከተማው መጠጥ ውሃ ከእነሱ ስለሚመጣ ከመስመር ውስጥ የተገኘ ቤት በሃያ አንድ ቀን ይነሣል፤ ነዋሪው ዳንግላ ላይ ፎቅ ይሰጠዋል።

ድሮ መስመሩን ያሰምር የነበረው ሰው ሳይሆን «ከላይ የሚያየው» የሚባል የሰማይ መሣሪያ ነው። ሰዉ እስካሁን ሌላ ስም አላወጣለትም። የአገሪቱን ጨፌ ሁሉ በአንድ ሳምንት አሰመረ፤ ሠላሳ ስምንት ቀበሌ ተነሣ። ከስድስት ዓመት በኋላ ከሠላሳ ስምንቱ አስራ አንዱ ደረቅ መሬት ላይ እንደነበሩ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጨመረ። ፈራሚው ሦስቱንም ምስክሮች በገዛ ዓይኑ ማየት አለበት ይላል።

ሦስቱ ምስክሮች ተክሉ፣ ውሃውና አፈሩ ናቸው። ጋሽ ይስማው ያስተማሩኝ በመጀመሪያው ጠዋት ነው፣ ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው።

«ፊላና ቄጠማ ካየሽ ተክሉ ጨፌ ነው ብሎ መሰከረ። አክርማ ካየሽ ካደ። ማገጥን ግን እንዳታምኚው፤ ክረምት እዚህ ነው፣ በጋ እዚያ ነው። እንደ አማቼ ማለት ነው።»

«ውሃውስ?»

«ውሃው ጥቅምት ላይ የትም አለ። ስለዚህ ሁለቱ ሲያምታቱሽ አፈሩን ትጠይቂያለሽ።»

ውሃ ለዘመናት የተኛበት አፈር ግራጫ ይሆናል፤ በተክሉ ሥሮች ዙሪያ ዝገት ይይዛል። ውሃ ያልተኛበት ቡናማ ነው። አንዳንዴ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መጽሐፉ ላይ የአንድ ካሬ ያህል ነው።

እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ አስራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። አራት ዓመት ስለ ጨፌ ስማር ጭቃ ነክቼ አላውቅም። የመጀመሪያ ቀን ጭቃው ቁርጭምጭሚቴን ሲይዘኝ «ይቅርታ» አልኩት። ጋሽ ይስማው ሰምተውኛል፤ ግን አልሳቁም። ምሽት ላይ እንቁራሪቶቹ መጮህ ሲጀምሩ ደግሞ ድምፅ ማጉያ ተከፍቶ የተረሳ መስሎኝ ላጠፋው ተነሣሁ። መዋዕለ ሕፃናት እያለን ለመኝታ ሰዓት የሚከፍቱልን ያንን ድምፅ ነበር። ያን ጊዜ ሳቁ፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ከጨፌ ጭቃ ይዞ መውጣት ክልክል ነው። በየቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጠን ጫማችንን እንፍቃለን፤ ጥፍራችንን በስንጥር እናጸዳለን። የተፋቀው ይመዘናል። ከዚያ ጋሽ ይስማው በጣሳ ይዘውት ይወርዱና ከወጣበት ይመልሱታል። አንድ ቀን ዘጠኝ ግራም ጎደለ። ድንኳኑን ሁሉ ፈለግን። በመጨረሻ ጸጉሬ ውስጥ አገኙት፤ በሁለት ጣታቸው ቀስ ብለው አወጡልኝ፣ ሕፃን እንደሚያጸዳ ሰው።

በጨፌው ምሥራቅ፣ ተዳፋቱ ላይ፣ አንድ ቤት ብቻ ነበር። የእትዬ ጠጄ ነው። ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ድንች ይተክላሉ፤ አንዲት ዳማ ባዝራ ፈረስ አለቻቸው። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ የተቀቀለ ድንችና ሚጥሚጣ በሰሃን ይዘው ይመጡልናል። ሰሃኑን ካስቀመጡ በኋላ ቶሎ አይሄዱም።

«እናንተስ የሚገርም ሥራ ነው ያላችሁ» አሉ አንድ ቀን። «ጭቃ ቆፍራችሁ ታወጣላችሁ፣ ታዩታላችሁ፣ መልሳችሁ ትቀብሩታላችሁ።»

«አንቺስ ድንች ትቀብሪ የለ?» አሉ ጋሽ ይስማው።

«እኔ የቀበርኩትን እበላዋለሁ።»

«እኛም የቀበርሽውን እየበላን ነው።»

«እሱንማ አየሁት። ለዚህች ልጅ ግን አላስቀረህላትም። አንቺ፣ ብዪ እንጂ፤ ይህ ሰውዬ አፍሮ የሚተው አይምሰልሽ።»

የእትዬ ጠጄ ተዳፋት አስቸጋሪ ነበር። ከሥሩ ምንጮች ስለሚወጡ ጨፌው ሽቅብ ይወጣል። ከአስራ ሦስተኛው እስከ አስራ ስድስተኛው ጉድጓድ ሁሉም ግራጫ ነው። እርጥብ ካገኘን ወደ ላይ እንወጣለን፤ ደረቅ እስክናገኝ። አስራ ስድስተኛው ከድንች ማሳው በታች ነበር። አስራ ሰባተኛውን ከማሳው በላይ፣ ከቤታቸው ፊት ለፊት ቆፈርን። እሱ ደረቅ ከሆነ መስመሩ ከማሳው በታች ይቀራል። እርጥብ ከሆነ ግን ከቤቱ ጀርባ ይሄዳል፤ ቤቱ በውሃው በኩል ይቀራል ማለት ነው።

እዚያ የበቀለው ማገጥና ጥቂት ቄጠማ ነው። ውሃው ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ስንዝር ያህል ቆሟል፤ ግን ከሦስት ቀን በፊት ዘንቦ ነበር። የቀረው አፈሩ ነው። ጋሽ ይስማው አፈሩን በጣቶቻቸው መካከል ደጋግመው አሹት። ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ምን ይመስልሻል?»

ቡናማ ነበር። ከግራጫው በአንድ ካሬ ብቻ ይራቅ እንጂ ቡናማ ነበር። ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ። ከዚህ በፊት እንዲህ ተኮሳትረው አላየኋቸውም። ከሥር ያሉት አራቱ ግራጫ ናቸው፤ ቡናማ የሚለው ጀማሪ ነው፤ እሳቸው የሚጠብቁት ሌላ ነው ብዬ አሰብኩ።

«ግራጫ» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

እርግጠኛ ነሽ ብለውኝ አያውቁም። መልሱን የሚለውጥ ተማሪ እንደሚወድቅ ግን ከልጅነቴ አውቃለሁ።

«እርግጠኛ ነኝ።»

ጻፉ። ፈረሙ። ከቤቱ ጀርባ አስራ ስምንተኛውን ቆፈርን፤ እሱ በግልጽ ደረቅ ነበር። ቀዩን ባንዲራ እዚያ ተከልን። እትዬ ጠጄ በራቸው ላይ ቆመው ያዩን ነበር። ባንዲራው ከጀርባቸው ሲተከል ዞር ብለው አዩት፤ ከዚያ ወደ እኛ።

«እንግዲህ እኔ ውሃ ውስጥ ነኝ በሉኛ» አሉ።

ጋሽ ይስማው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንደሱ ሆነ፣ ጠጄ።»

«ስድሳ ሁለት ክረምት ይህ ወለል አንድ ቀን ርሶ አያውቅም።» ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የሚያውቁትን ነበር የሚናገሩት። ትንሽ ቆይተው «ፎቁ ላይ ፈረስ ያስወጣሉ?» ብለው ጠየቁ።

«አያስወጡም።»

«በአሳንሰሩም?»

«በአሳንሰሩም።»

በማግስቱም አራት ሰዓት ላይ ድንች ይዘው መጡ። እኔ አልበላሁም። አመመኝ አልኩ።

የምሥራቁ በኩል መዝገብ የሚታሸገው በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነበር። እኔ ሦስት ቀን ለራሴ ሰበብ ስፈልግ ቆየሁ። እሳቸው ካዩት በኋላ ነው የጻፉት፤ ቡናማ ቢሆን ኖሮ ያርሙኝ ነበር፤ ስለዚህ ተሳስቼ ያየሁት እኔ ነኝ። ይህን እያሰብኩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ስላልነበረን፣ የባንዲራዎቹን ሣጥን ማስተካከል ጀመርኩ። ሁለት ዓይነት ባንዲራ ነው ያለን። ቀዩ ለመስመሩ፣ አረንጓዴው ለተለኩ ደረቅ ጉድጓዶች። የቀዮቹ ገመድ ጫፍ ሁሉ ተቋጥሯል። በአያያዝ ጉድለት የተወሳሰበ መስሎኝ አርባውንም ቋጠሮ አንድ በአንድ ፈታሁ። ጥፍሬ ታመመ። ጋሽ ይስማው ሲያዩት ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር።

ሰኞ ጠዋት በሰሜኑ በኩል ሃያ አንደኛውን ጉድጓድ ጨርሰን መስመሩ ላይ ደረስን። ጋሽ ይስማው ከሣጥኑ ባንዲራ አወጡና ተከሉ። አረንጓዴ ነው።

«ጋሽ ይስማው፣ አረንጓዴ ነው እኮ» አልኩ ፈገግ ብዬ። ይህም ፈተና መስሎኝ ነበር።

ነቀሉት። ገመዱን ከላይ እስከ ታች በጣቶቻቸው ዳሰሱት። ሌላ አወጡ፤ እሱንም ዳሰሱት። ሦስተኛውንም።

«ቋጠሮዎቹን ማን ፈታቸው?»

«እኔ ነኝ። የተወሳሰቡ መስለውኝ።»

ሣጥኑ ላይ ተቀመጡ፤ ሦስቱን ባንዲራዎች ጉልበታቸው ላይ አድርገው። አንዱ ቀይ ነበር፣ ሁለቱ አረንጓዴ። ሦስቱንም እኩል ነበር የሚያዩዋቸው። ያን ጊዜ ገባኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩ።

«ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። መጀመሪያ ቀዩ ሄደ። ከዚያ ሌላውም ቀስ እያለ። አሁን ሁሉም አመድ ነው።» እጃቸውን ወደ ጨፌው ዘረጉ። «ፊደል አነባለሁ። በየዓመቱ ሲመረምሩን የሚያሳዩን ፊደል ብቻ ነው። ሐኪሙ ነርቭ ነው፣ አይመለስም አለኝ።»

«ታዲያ ምን ይመስልሻል ሲሉኝ…»

«ስለማላየው ነበር።»

ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ሱሪዬ ላይ የሚቀረውን ግራም ሳላስብ።

«አስራ ሰባተኛው ቡናማ ነበር» አልኩ።

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ቡናማ ካየሽ ለምን ግራጫ አልሽኝ?»

«ፊትዎን አይቼ።»

«ፊቴ ምን ይል ነበር?»

«ግራጫ በዪ የሚል መስሎኝ።»

«ፊቴማ የጨነቀው ፊት ነበር፣ ሶስና» አሉ። «እጄ የደረቅ መሬት አፈር ነው ይለኛል፤ ዘንቦበትም ይፈረፈራል። አንቺ ግራጫ ነው አልሽ። እርግጠኛ ነሽ ብዬ ጠየቅኩሽ። እርግጠኛ ነኝ አልሽ። እጄን ትቼ ዓይንሽን አመንኩ።»

እንደገና እንቆፍረው አልኳቸው። የተፈረመ ጉድጓድ ምክንያቱ ካልተጻፈ እንደገና አይከፈትም አሉ፤ ያንን እኔም አውቅ ነበር። እንግዲያው ስህተቱን እኔ እወስደዋለሁ፣ መጽሐፉ ላይ የተሳሳተ ረድፍ አንብቤ ነው ብዬ እጽፋለሁ፤ የእርስዎን ዓይን ማንም አያውቅም አልኩ። በሕይወቴ ሳላቋርጥ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

«የፈረመው ማነው?» አሉ።

«እርስዎ።»

«ከፈረምኩ በዓይኔ አይቻለሁ ማለት ነው። ታዲያ ቡናማ አይቼ ግራጫ ብዬ ጻፍኩ?»

ሱሪዬ ላይ የያዘውን ጭቃ በጣቴ መፋቅ ጀመርኩ።

«ችግሩ የጠጄ ብቻ ቢሆን ዛሬውኑ እጽፈው ነበር» አሉ። «በእነዚህ ሁለት ዓመታት ዘጠኝ ጨፌ ፈርሜያለሁ። እኔ አላየሁም ካልኩ ዘጠኙም መስመር ይታገዳል። የታገደ ጨፌ ደግሞ ጠባቂ የለውም። ቦይ ቆፍሮ ለማድረቅ አንድ ሳምንት ይበቃል። ከእኔ ጋር የነበሩት ልጆች ሁሉ እንዳንቺ ፈተና ነበር የሚመስላቸው፤ ግን ያዩትን ነበር የሚነግሩኝ። መስመሮቹ ደህና ናቸው። ደህና ናቸው ብዬ አምናለሁ።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር የተናገሩበት ድምፅ ከሌላው ያነሰ ነበር።

የዚያን ቀን ሥራ ቆመ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ እንደ ወትሮው ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጠን ጫማችንን ፋቅን። የግራ እጃቸው አውራ ጣት ጥፍር ሥር ጭቃ ቀርቶ ነበር፤ እጃቸውን ተቀብዬ በስንጥር አጸዳሁላቸው። ሳይጠይቁኝ እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም። እሳቸውም እጃቸውን አልሸሸጉም።

«ውሃው ዳር ያለው ደንገል አሁን ምን መስሏል?» አሉ።

የቀለም መጽሐፉን ለማንሣት እጄን ሰደድኩ።

«ለመዝገብ አይደለም» አሉ። «እንዲሁ ነው።»

ደንገሉን አየሁት። መቸኮል አላስፈለገኝም። ጫፉ መድረቅ እንደጀመረ፣ የታጨደ ገብስ ሦስት ቀን ሲያድር የሚይዘውን ዓይነት ቀለም እንደያዘ፣ ወደ ሥሩ ግን ገና አረንጓዴ እንደሆነ፤ በመካከሉ ለየትኛው መስጠት እንዳለብኝ የማላውቀው አንድ ክንድ ያህል እንዳለ ነገርኳቸው። ውሃው ላይ ያለው ጥላው ከራሱ እንደሚጠቁር ነገርኳቸው። የእትዬ ጠጄ ባዝራ ማዶ ቆማ እንደምትግጥ፣ ዳማነቷ በዚህ ሰዓት ብርሃን ወደ ቀይ እንደሚያደላ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንዲህ ማየት እየቻልሽ» አሉ። ከዚያ በላይ አልወቀሱኝም።

ማክሰኞ ማለዳ ስነሣ ጠረጴዛው ላይ ሲጽፉ አገኘኋቸው። ደብዳቤው አጭር ነበር። አነበቡልኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ቀለም እንደማይለዩ፣ ዘጠኝ መስመር በሌላ ሰው ዓይን አይተው በራሳቸው ስም እንደፈረሙ፣ የእንዶድ ውሃ አስራ ሰባተኛ ጉድጓድ እንደገና እንዲከፈት፣ ዘጠኙ ጨፌዎች እስኪጣሩ ድረስ ጥበቃ እንዲመደብላቸው ይጠይቃል። ስለ እኔ ምንም አይልም።

«እኔስ?» አልኩ።

«አንቺ ተለማማጅ ነሽ። የተለማማጅ ቃል መዝገብ ላይ አይገባም።»

እስክሪብቶውን ከፊታቸው ወሰድኩ። ከስማቸው ሥር ጻፍኩ፦ «አፈሩ ቡናማ ነበር። ቡናማ መሆኑን አይቻለሁ። ግራጫ ያልኩት የመምህሬን ፊት አይቼ ነው። ሶስና አድማሱ።» የስሜ ፊደላት አንድ መስመር ላይ አልተቀመጡም።

እትዬ ጠጄ አራት ሰዓት ላይ ሲመጡ ጋሽ ይስማው ራሳቸው ነገሯቸው፤ ሳያስረዝሙ፣ ቆመው። ሴትዮዋ ሰሃኑን እንደያዙ ሰሟቸው።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ድንች እኔ ለማያይ ሰው ነው የማመላልሰው?» አሉ።

«ድንቹ ይታየኛል።»

«እንዴት ብሎ ይጠፋሃል፣ ቀለም የለውማ።» ሰሃኑን አስቀመጡና ከአጠገባቸው ተቀመጡ። ያን ቀን የመጀመሪያውን ድንች ልጠው የሰጡት እንደ ሌላው ቀን ለእኔ አልነበረም፤ ለጋሽ ይስማው ነው። እኔም በላሁ።

ደብዳቤውን የላክንለት የጨፌ ጽሕፈት ቤት መልስ በዚያው ቀን ከሰዓት በፊት ደረሰ። ጋሽ ይስማው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ፈራሚ አይደሉም። የእኔ ልምምድ በአንድ ዓመት ተራዘመ። ዘጠኙ መስመሮች ታገዱ፤ ለሰባቱ ጥበቃ ተመደበ፣ ለሁለቱ ሰው አልተገኘም። ከሁለቱ አንዱ ላይ በሦስተኛው ሳምንት ቦይ ተቆፈረበት፤ የጨፌው ሲሶ ደረቀ። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው፤ ለጋሽ ይስማው በስልክ የነገርኳቸውም እኔ ነኝ። ሌሎቹ ስምንት መስመሮች እንደገና ሲለኩ በነበሩበት ተገኙ።

ሐሙስ ጠዋት አዲስ ፈራሚ መጣች። አስራ ሰባተኛውን ጉድጓድ ከፈትን። አፈሩን ወደ ብርሃን አውጥታ በመጽሐፉ ቀዳዳ ራሷ አየችው፤ ቡናማ ብላ ጻፈች፤ ፈረመች። ባንዲራው ከቤቱ ጀርባ ተነቅሎ አርባ ሦስት እርምጃ ወርዶ ከድንች ማሳው በታች ተተከለ። ጋሽ ይስማው በስድስት ሰዓቱ መኪና ወደ ዳንግላ ሄዱ። እኔና አዲሷ ፈራሚ ከሰዓት በኋላ በሰሜኑ በኩል ሃያ ሁለተኛውን ጉድጓድ ቆፈርን።